የአያ ጅቦ ቋንጣና ጠመንጃ

አንድ ጊዜ አንድ አዳኝ ከአንበሳ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመና ጠመንጃውን ጥሎ ሸሸ። ጠመንጃውን ያገኘው አያ ጅቦ ነበር። ጥይት እንደ ጎረሰ ወደ ዋሻው ወሰደውና ከፍ አድርጎ ሰቀለው። ሆዳም አይደል? ሌባ እንዳይደፍርበት ብሎ የቋንጣውን ገመድም እዚያው ጠመንጃው ላይ ጠመጠመ።

ጎረቤቱ እሜት አህያ ይህን ስታይ ደነገጠች። በዚያ አገር ጎረቤት መብላት በአንበሳ ሕግ ክልክል ስለነበር፣ ውርንጭላዋ ከጅቡ ልጅ ጋር በዚያ ዋሻ ይጫወት ነበር።

«አያ ጅቦ፣ ልጆች አሉንና እባክዎ ጥይቱን ያውጡት» አለችው።

«ጥይት የሌለው ጠመንጃ ጥርስ የሌለው ጅብ ነው! ልጄን እንደሆነ እንዳይነካ ነግሬዋለሁ፤ በቃ!»

አህያ ወደ አንበሳ ሸንጎ ሄዳ አቤት አለች። ጅቡ ከቋንጣው ሊያቀምሳት ቃል የገባላት ቀበሮ ግን ቀድማ ተነሣች።

«ጌታዬ፣ ጠመንጃ ተነሥቶ ማንንም አይነካም፤ የሚነካው ልጅ ነው። ስለዚህ ጠመንጃ የነካ ልጅ ሃያ ይገረፍ!»

«ኧረ ሕጉ ለባለቤቱ ነው መውጣት ያለበት!» አለች አህያ። ነገር ግን የምሳ ሰዓት ደርሶ ነበርና አንበሳ ቸኩሎ የቀበሮን ሕግ አጸደቀ። ሁሉም አጨበጨበ፤ ጅብ ደግሞ ከሁሉ አብልጦ።

ሳምንት ሳይሞላ የጅቡ ልጅ ራበው። በውርንጭላው ጀርባ ላይ ወጣና ቋንጣውን ጎተተ። ገመዱ ምላጩን ሳበ። ጧ! ጥይቱ የውርንጭላውን ግራ ጆሮ ቆርጦ አለፈ። አንድ ስንዝር ዝቅ ቢል ኖሮ ይህን ተረት ለመጻፍ እጄ እምቢ ይለኝ ነበር።

ሸንጎው ተሰበሰበ። ዝንጀሮ አለንጋውን ይዞ በሕጉ መሠረት የጅቡን ልጅ ጠራ። ትንሹ ጅብ ከአባቱ ኋላ ተደበቀ።

«ኧረ ጌታዬ! ልጅ እኮ ነው፤ ምን ያውቃል?» ብሎ አያ ጅቦ አለቀሰ።

አህያ ቀስ ብላ ተነሣች። «እኔስ ያልኩት ይህንኑ አልነበረም? የማያውቀውን ከምንገርፍ የሚያውቀውን እንጠይቅ። ልጁን ልቀቁት።»

አንበሳ አፈረ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባልብኛል» አለ። «ቢሆንም ከዛሬ ጀምሮ ጠመንጃ ባዶውን ይቆለፍበት፤ ጥይቱም ሌላ ስፍራ ይቀመጥ። ልጅ እጅ ከገባ የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው።»

አያ ጅቦም ቁስሉ እስኪድን ለውርንጭላው ሣር እያጨደ እንዲያመጣ ተፈረደበት። «እሺ፣ ቋንጣውስ የት ይሰቀል?» ብሎ ጠየቀ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ውርንጭላው እናቱን ቀና ብሎ አያት።

«እማዬ፣ ጆሮዬ እንደገና ይበቅላል?»

«አይበቅልም፣ ልጄ» አለችውና ቁስሉን ላሰችለት።

ከዚህ የምንማረው ጠመንጃን ከልጅ የሚያርቀው በልጁ ላይ የተነሣ አለንጋ ሳይሆን ለባለቤቱ የወጣ ሕግ መሆኑን፣ ሕጉም ከጥይቱ ቀድሞ መድረስ እንዳለበት ነው።