ሁለት እምቢታ ለአንድ ሮማን

አንድ ቀን በፋርስ አገር፣ ካሻን በምትባል ከተማ፣ በረዶ ወረደ። አወራረዱ ደግሞ የዋዛ አይደለም፤ ግመል ከነጭነቱ ቢገባበት ከላይ የሚታየው ጆሮው ብቻ ነበር። ግመሉን እኔ አላየሁትም፤ ጆሮውን ያዩ ሰዎች ናቸው የነገሩኝ።

በዚያ ብርድ መሀል ነው እንግዲህ የምንጣፍ ጠጋኙ የባራት ሚስት፣ ጎልንሳ፣ ሮማን ያማራት። ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። «ሮማን ካልበላሁ ይህ ልጅ አይወለድም!» ብላ ቁጭ አለች። በከተማው የቀረው ሮማን ያለው ደግሞ አንድ ቤት ብቻ ነው፤ ሀብታሙ ምንጣፍ ነጋዴ ሐጂ ናስሩላህ ዘንድ። ባራት ልግዛ ቢላቸው፣

«አልሸጥም፤ ለእንግዶቼ ክብር ያስቀመጥኩት ነው» አሉት።

እውነታቸውን ነው፣ ሮማኑ በሳህን ሆኖ ለእንግዳ ይቀርባል። የቀመሰው እንግዳ ግን የለም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የዚያ አገር ጨዋ ሰው ሲሰጡት ቶሎ እጁን አይዘረጋም። መጀመሪያ ሲጋብዙት «ኧረ አይገባም» ይላል፤ ሁለተኛ ሲጋብዙት «ኧረ ይተዉ» ይላል፤ ሦስተኛው ላይ ግን እምቢ ማለት ጋባዡን መናቅ ነውና ይቀበላል። ሐጂ ይህን ስለሚያውቁ ሁለቴ ይጋብዙና ሦስተኛውን ይውጡታል። በዚህ ዘዴ ያ ሳህን ስንቱን እንግዳ ሸኝቷል መሰላችሁ! ሮማኖቹ የከተማውን ሰው አንድ በአንድ በስሙ ያውቁት ነበር ይባላል።

ባራት አይጥ የበላውን የሐጂን ምንጣፍ ሊጠግን ሄደ። ሥራውን ሲጨርስ ሐጂ ሳህኑን አነሡ።

«ለክብርዎ የማይመጥን ነው፣ ግን ይውሰዱ፣ ወንድሜ ባራት!»

«ኧረ አይገባም፣ ሐጂ።»

«በሞቴ ይውሰዱ!»

«ኧረ ይተዉ፣ ሐጂ።»

ባራት ሦስተኛውን እየጠበቀ እጁን በትንፋሹ አሟሟቀ። ሐጂ ግን ሳህኑን ወደ መደርደሪያው መለሱና፣

«እንግዲህ እኔ ሰው ማስጨነቅ አልወድም» አሉ።

ቤቱ ሲደርስ ጎልንሳ ባዶ እጁን አየችው።

«የታለ?»

«ሁለቴ ጋበዙኝ።»

«እሺ?»

«ሁለቴ እምቢ አልኳቸው።»

«አንተ ሰውዬ፣ እኔን ያማረኝ ሮማን ነው እንጂ ጨዋ ባል መች አማረኝ!»

ባራት ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረና በማግስቱ «መርፌዬን ረስቻለሁ» ብሎ ወደ ሐጂ ቤት ተመለሰ። ሐጂ ሦስት ስመ ጥር ነጋዴዎች ሰብስበው ሻይ ያጠጣሉ። እንደ አገሩ ልማድ ሁሉም ስኳሩን በጥርሳቸው ነክሰው ነው የሚጠጡት፤ በሐጂ ቤት ግን አንዷ የስኳር አንኳር ለስድስት ብርጭቆ መብቃት አለባት። ባራት ገና ጫማውን ሳያወልቅ ከደጃፉ ላይ ጮኸ።

«ኧረ አይገባም፣ ሐጂ!»

ሐጂ ክው አሉ። «ምኑ?»

«ኧረ ይተዉ፣ ሐጂ! በፍጹም አልወስድም!»

«ምን ሰጠሁህና ነው?»

አንዱ ሽማግሌ ነጋዴ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። «አይ ሐጂ! ለካ ቸርነትዎ ይህን ያህል ነው? ሰው ገና ከደጅ ጀምሮ እንዳይሰጡት ይለምንዎታል!»

ሐጂ ነገሩ ባይገባቸውም ምስጋናው ጣማቸው። ደረታቸው ተነፋ። ባራት ገብቶ ጉልበቱን አጥፎ ተቀመጠ። እንዲህ ከተመሰገኑ በኋላ ታዲያ ሳህኑን አለማቅረብ ነውር ነው። ደግሞስ ምን ያስፈራቸዋል? ሁለቴ ብሎ ማቆም ነው።

«ለክብርዎ የማይመጥን ነው» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ግን ይውሰዱ፣ ወንድሜ ባራት!»

ባራት ከሁሉም ትልቁን ሮማን አነሣና ጉያው ውስጥ ከተተው።

የሐጂ ብርጭቆ ከእጃቸው ሊያመልጥ ነበር። «እ... አንተ! ወጉ የት ገባ? ሁለቴ እምቢ አይባልም እንዴ?»

ባራት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በትሕትና ጎንበስ አለ።

«ወጉንማ ጠብቄአለሁ፣ ሐጂ። ሁለቱን እምቢታ እዚያ ደጃፍዎ ላይ ጨርሼ ነው የገባሁት። ሁለት ግብዣ ወደ ኋላ የቀሩት እርስዎ ነዎት፤ ግድ የለም፣ ሲመችዎ ይደርሱብኛል።»

ሽማግሌው ነጋዴ በሳቅ ሲንፈራፈር ለስድስት ብርጭቆ የታሰበችውን ስኳር በአንዴ ዋጣት። ሐጂ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ከደጅ «ኧረ አይገባም!» የሚል ድምፅ በሰሙ ቁጥር፣ ሰላምታውን ትተው መጀመሪያ ሳህኑን ይሸፍናሉ አሉ።