ጠረጴዛ የሚያንኳኩት እንግዶች

አንድ ባለሆቴል ነበረ። አንዲት አስተናጋጅ ነበረች። ከወጡ ይልቅ ነገር ማማሰል የሚቀናት አንዲት ወጥ ሠሪም ነበረች። በመጨረሻም መንገድ ሊሠሩ ከቻይና የመጡ እንግዶች ነበሩ፤ ከእነርሱም አለቃቸው ሽበታም ነበረ።

ባለሆቴሉ እንግዶቹ እንደሚያርፉበት በሰማ ጊዜ አስተናጋጇን ለአጭር ሥልጠና ላካት። እርሷም በቋንቋቸው «ኒ ሃው» ብሎ ሰላምታ መስጠትን፣ «ቺንግ ዙዎ» ብሎ ማስቀመጥን፣ «ሺዬ ሺዬ» ብሎ ማመስገንን ተማረች። «ጀ ሽ ሸንመ» የሚልም ነበረበት፤ «ይህ ምንድን ነው» ማለት ነው። እርሱን ግን አስተናጋጅ ይጠየቃል እንጂ አይጠይቅም ብላ ከአፏ አላወጣችውም።

እንግዶቹ መጡ፤ ሰላምታዋንም በደስታ ተቀበሉ። ነገር ግን ሻይ በቀዳችላቸው ቁጥር ሽበታሙ ሰው ጨዋታውን ሳያቋርጥ፣ ቀና ብሎም ሳያያት፣ በሁለት ጣቶቹ ጠረጴዛውን መታ መታ ያደርግ ነበር። ሌሎቹም እንደ እርሱ ያደርጉ ነበር። እርሷ ባደገችበት አገር ጠረጴዛ የሚያንኳኳ ሰው ወይ አስተናጋጅ የሚጠራ ነው፣ ወይ ትዕግሥቱ ያለቀ። «አጠገባቸው ቆሜ ማንን ነው የሚጠሩት?» አለች በልቧ። ከዚያ በኋላ ሲስቁ በእርሷ የሚስቁ፣ ዝም ሲሉም ነገር የሚደብቁባት መሰላት።

ወጥ ሠሪዋ በመስኮት ስታይ ኖሮ፣ «ቋንቋቸውን ተምረሽ ያተረፍሽው ይህን ነው? ነገ ደግሞ ያፏጩልሻል» አለቻት።

አስተናጋጇ ወደ ባለሆቴሉ ገባች። «ጋሼ፣ እኔ ንቀት አልችልም። ወይ እነርሱ ይሂዱ፣ ወይ እኔ።»

እርሱም ከመጡ ጀምሮ ዓይኑን አልነቀለባቸውም ነበርና፣ «ለእኔም አካሄዳቸው አላማረኝም። ከምሳ በኋላ ሌላ ማረፊያ ፈልጉ እላቸዋለሁ» አላት።

ምሳ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ልትቀዳላቸው ወጣች። ሽበታሙ እንደ ልማዱ አንኳኳ። እርሷም ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች፤ እንደ እርሱ በሁለት ጣቷ ጠረጴዛውን መታችና፣ ፊቷን ሳትፈታ፣ «ጀ ሽ ሸንመ?» አለችው።

ሰውየው ጣቶቹን አየ፤ እርሷን አየ። ከዚያም ሁለቱን ጣቶች እንደ ጉልበት አጥፎ በጠረጴዛው ላይ አንበረከካቸውና አንገቱን ዝቅ አድርጎ «ሺዬ ሺዬ» አላት። ይህን ቃል ታውቀዋለች። በአገሩ ሻይ የተቀዳለት ሰው ጨዋታ ሳያቋርጥ የሚያመሰግነው እንዲህ ኖሯል። ሲያመሰግናት የሰነበተውን ሰው ልታስወጣው ትንሽ ቀርቷት ነበር።

ይህንም ለባለሆቴሉና ለወጥ ሠሪዋ ነገረቻቸውና ሦስቱም ተቀምጠው መከሩ። ወጥ ሠሪዋ፣ «ይህስ ይሁን፤ እርስ በርሳቸው የሚያወሩትን ግን ማን ያውቃል?» አለች።

አስተናጋጇም፣ «እርሱንም እጠይቃለሁ» አለች።

በመጨረሻም ወጥ ሠሪዋም እያጉረመረመች ተስማማችና እንዲህ ወሰኑ፤ በዚያ ቤት እንግዳ ሳይጠየቅ አይፈረድበትም፤ አዲስ የሚቀጠር አስተናጋጅም ከሰላምታው አስቀድሞ መጠየቂያውን ያጠናል።

አንቺም ልጄ፣ ለአስተናጋጅነት ስትሠለጥኚ «እንኳን ደህና መጡ ማለት ከቻልን፣ ይህ ምንድን ነው ማለትን ለምን ያስጠኑናል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ያች አስተናጋጅ ሰላምታውንም ምስጋናውንም ታውቅ ነበር፤ ሁለቱም ከጥርጣሬ አላዳኗትም። አንቺም የማታውቂውን ምልክት ባየሽ ጊዜ ልብሽ ፈጥኖ ይተረጉምልሻል፤ ያ ትርጉም ግን የአገርሽ ነው እንጂ የእንግዳው አይደለም። የእርሱን የምታገኚው ከእርሱ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን በቃልሽ ያዢ።