ከመጨረሻው ሥዕል ግርጌ

ፊልም በእጅ ይሳል በነበረበት በአንድ ወቅት፣ ጎንደር ውስጥ ጋሽ ልሳነወርቅ የሚባሉ አዘጋጅ ነበሩ። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ከነበሩት አባታቸው አንድ ልማድ ወርሰዋል፤ ሥዕሉን ያሠራው ሰው ከግርጌ፣ እጅ ነስቶ፣ በትንሹ ይሳላል። እሳቸውም በየፊልማቸው መጨረሻ፣ ከግርጌ፣ ለፊልሙ የደከመ አንድ ሰው ይስላሉ።

በእርጅናቸው የጀመሩት ፊልም ግን ጉድ ነው! ሽማግሌ ቤቱን ተሸክሞ ይጓዛል፤ ዓሦች በመስኮቱ ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ እሱ ባረጀ ቁጥር ጥላው ልጅ ይሆናል። «ምን ማለት ነው?» ሲሏቸው «እኔ ነኛ!» ይላሉ። ሽማግሌው የተዘጋ በር ፊት ሲደርስ የጋሽ ልሳነወርቅ እጅ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ሦስቱን ተማሪዎቻቸውን ጠሩ። «መጨረሻውን እናንተ በየራሳችሁ ሥሩት። አንድ ትንሽ ሰው የምስልበት አቅም ቀርቶኛል። ከግርጌ የምስለው ሰው የሠራው መጨረሻ የፊልሙ መጨረሻ ይሆናል፤ ስቱዲዮውም የእሱ ነው» አሉ።

ልጃቸው ትርሲት የአባቷን እጅ አጥንታ፣ መንቀጥቀጡን ሳታስቀር፣ ሽማግሌው በሩን ከፍቶ ሲገባ ሳለች። አባትየው አይተው «ይህን መቼ ሳልኩት?» አሉ። ከዚያ ገባቸውና ግንባሯን ሳሟት።

ናሁሠናይ ኩሩ ነው። «የእርስዎን እጅ አልሰርቅም» ብሎ በራሱ ደማቅ መስመር ሳለ። ጥላው ከመሬት ተነሥቶ ቤቱን ከሽማግሌው ራስ ላይ ተቀበለና በሩን አልፎ ሄደ። ጋሽ ልሳነወርቅ ከመቀመጫቸው ተነሥተው አጨበጨቡ። «እኔ ይህን አልችልም ነበር!»

ድምፅ ቀጂዋ እማዋይሽ አንዲት መስመር እንኳ አልሳለችም። ሰነፍ እንዳትሏት። ጋሽ ልሳነወርቅ ሲስሉ የእርሳሳቸውን ድምፅ ለዓመታት ስትቀዳ ኖራለች። ከበሩ በኋላ ሸራውን ነጭ ትታ ያንን ድምፅ ብቻ አሰማች፤ ተጫጫረ፣ ዘገየ፣ ቆመ። ጋሽ ልሳነወርቅ እጃቸውን አይተው አለቀሱ። «አዎ፤ እዚህ ጋ ነው ያቆምኩት።»

«ሦስታችንንም ይሳሉንና ይገላገሉ» አለ ናሁሠናይ።

«ግርጌው የአንድ ሰው ነው። አባቴም አላሰፉትም» አሉ ጋሽ ልሳነወርቅ።

በተማሪዎቻቸው እንደዚያ ቀን ኮርተው አያውቁም። እርሳሱን በሁለት እጃቸው ይዘው እጅ የነሳ ሰው ሳሉ፤ ልብሱን ጨረሱ። ፊቱ ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው ሦስቱን አዩ። እርሳሱ አሁንም በእጃቸው ነው።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፤ እጃቸውን ያቆየችላቸው፣ በራሱ እጅ ያሻገራቸው፣ ወይስ እጃቸው የቆመበትን ያከበረችላቸው? የማንን ፊት ይሳሉ?