ሳትሞት የተለቀሰላት ሞተር

ጆሮአችሁን እንደ በር ገርበብ አድርጉልኝ፤ ተረት በእንግድነት ሊገባ ነው። «ይግባ» ካላችሁ እነሆ ገባ።

እንስሳ ከዕቃ፣ ዕቃም ከእንስሳ ጋር በሚነጋገርበት በዚያ ዘመን፣ በአንዲት የወንዝ ዳር የገበያ ከተማ አንድ የከብት ሐኪም ነበር፤ ስሙ ይርዳው ይባላል። ይህ ሐኪም ሁለት መጓጓዣ ነበረው። በጋ ሲሆን በሞተር ይሄዳል፤ ክረምት ሲሆን በበቅሎ ይሄዳል። በጋ ሲሆን በቅሎዋ ታርፋለች፤ ክረምት ሲሆን ሞተሯ ታርፋለች። ሞተሯ ትንሽ ነበረች፤ ጎማዎቿ ድቡልቡል፣ ግንባሯ ሰፊ፣ ቀለሟም የበሰለ ሎሚ።

ሁለቱ አይዋደዱም ነበር።

«አንቺ ጭስ ተፊ» ትላታለች በቅሎዋ፤ «እኔ ዘመድሽ ማነው ቢሉኝ አጎቴ ፈረስ ነው እላለሁ። ያንቺስ አጎት ማነው?»

«አጎት የለኝም» ትላለች ሞተሯ፤ «ነገር ግን እንዳንቺ፣ ሰው በጭንቅ ተጠርቶ ሲሄድ፣ መሀል መንገድ ላይ ቆሜ ሣር አልነጭም።»

ሰኔ ገባ፤ መንገዱ ማጥ ሆነ። ይርዳው ሞተሯን እየገፋ ከጓሮ ካለችው የማገዶ ቤት አስገባት። «በይ እንግዲህ፣ መስከረም እስኪጠባ ደህና ክረሚ» አላት። ችኮላ ላይ ነበርና የባትሪዋን ሽቦ አልፈታም፤ ቤንዚኗንም ቀድቶ አላወጣም፤ ጎማዎቿንም ከእርጥብ መሬት ከፍ አላደረገም። ሚስቱ አስካለች ግን ማገዶ የሚያመጡ ሰዎች እንጨት እንዳይከምሩባት ሠጋች። ስለዚህ የከሰል ስባሪ አነሣችና ከሞተሯ ራስጌ ባለው ኖራ በተቀባ ግድግዳ ላይ በትልልቁ «ሞተር» ብላ ጻፈች። እያንጎራጎረች ነበር የጻፈችው። በቅሎዋም በር ላይ ታስራ ይህን ታይ ነበር።

ዝናቡ ሐምሌን ዘነበ፤ ነሐሴንም ዘነበ። የቆርቆሮው ጣሪያ በአንድ የምስማር ቀዳዳ ያፈስ ጀመር። ውሃው ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ እያለ በግድግዳው ላይ ወረደ፤ ሲወርድም የመጨረሻዋን ፊደል አጥቦ ወሰዳት። «ር» ሄደች። በግድግዳው ላይ የቀረው «ሞተ» የሚል ብቻ ሆነ።

በዚያው ሰሞን ጉድጓዷን ጎርፍ የሞላባት አንዲት አይጥ በበሩ ሥር ሾልካ ገባች። ይህች አይጥ እንደ ሌሎቹ አይጦች አልነበረችም። የተወለደችው በአንድ የቅኔ መምህር ቤት፣ ከመጻሕፍት ሣጥን ሥር ነው። «ሌላው ፊደል ቆጥሮ ይማራል፤ እኔ ግን ፊደል በልቼ ነው ያደግሁት» እያለች ትኮራ ነበር። ቀና ብላ ግድግዳውን አየች፤ ጺሟን አሻሸች፤ «ሞተ» ብላም አነበበች። ከዚያ ወደ ሞተሯ ዞረች። መቀመጫዋ ለስላሳ ስፖንጅ ነው። ጭሷ የሚወጣበት ቧንቧ፣ ማርሚታ የሚሉት፣ ደረቅና ጠባብ፣ ለአይጥ እልፍኝ የተሠራ ይመስላል።

«ባለቤቱ የሞተበት ቤት አገኘሁ» አለች በሆዷ። «አሁን የቀረኝ ለቅሶ መጥራት ነው።»

በመጀመሪያ ወደ ባትሪው ሄደች።

«ባትሪ ሆይ፣ አልሰማህም?»

«ምኑን፣ እሜቴ?»

«እመቤትህ እኮ ዐረፈች።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ክረምት ክረምት ታርፋለች።»

«የዘንድሮው ዕረፍት ሌላ ነው። ግድግዳውን ተመልከት፤ ተጽፏል። የተጻፈ ደግሞ አይፋቅም።»

ባትሪው «ታዲያ ለማን ብዬ ጉልበት እቋጥራለሁ?» አለና የያዘውን ኃይል ጥቂት በጥቂት ለቀቀው።

ሁለተኛ ወደ ቤንዚኑ ሄደች።

«ቤንዚን ሆይ፣ አልሰማህም?»

«ባትሪው ሲያለቅስ ሰማሁ። እውነት ነው?»

«ተጽፏል አልኩህ እኮ።»

ቤንዚኑም «እኔ የምነድደው ለእሷ ነበር» አለ፤ በኀዘኑም ረጋ፣ ጠቆረ፣ ዝልግልግ ሆነ።

ሦስተኛ ወደ ፊተኛው ጎማ ሄደች። ጎማው የሚጠይቀውም አልነበረው። «ምነው ባልሰማሁ!» ብሎ ከሆዱ ተነፈሰ፤ ተንፍሶም ቀረ።

ለቅሶው ሲደራ ሞተሯ ከእንቅልፏ ባነነች።

«ማን ሞቶ ነው?»

«አንቺ ነሻ» አለች አይጥ።

«እኔ? እሰማለሁ እኮ!»

«ሟች ሁሉ መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚለው።»

«እናገራለሁ እኮ!»

«በሕልማችን እየመጣሽብን ነው። በሰላም ተኚ፣ እባክሽ።»

ሞተሯ «እስቲ ልነሣ» ብላ ታገለች። ባትሪው ዝም፣ ቤንዚኑ ዝም፣ ጎማውም ዝም። አይጥ «አየሽ?» አለቻት። ያን ጊዜ ሞተሯን እስከ ፊት መብራቷ ድረስ ብርድ ብርድ አላት። ነገሩ እውነት ሳይሆን አይቀርም ብላ በልቧ ፈራች፤ ከዚያም በኋላ አልተናገረችም። አይጥ ደግሞ «ወራሽ ያጣ ቤት ለቅርብ ጎረቤት ነው» እያለች መቀመጫውን ቀደደች፤ ስፖንጁን ነጭታ ነጭታ በማርሚታው ውስጥ ጎጆ ሠራች።

መስከረም ጠባ። ፀሐይ ወጣች፤ ማጡ ደርቆ መንገድ ሆነ። ከብት ለመከተብ ቆላ የሚወረድበት ጊዜ ደረሰ፤ የበቅሎዋ ጀርባ ግን በክረምቱ ጭነት ገጥቧል። ይርዳው የማገዶ ቤቱን በር ከፍቶ የሞተሯን አቧራ በእጁ ጠረገ፤ መርገጫዋንም ረገጠ። ድምፅ የለም። ደግሞ ረገጠ። ድምፅ የለም።

አስካለች ከበሩ ላይ ቆማ ታያለች። «ይርዳው፣ ይህቺ ነገር አበቃላት። ቆራሌው ዛሬ ሰፈራችን ነው፤ አሮጌ ዕቃ ሲለምን ድምፁን ሰምቼዋለሁ። መጥቶ ይውሰዳትና ለማገዶዬ ቦታ ላግኝ።»

«አስካልዬ፣ ላም ወደቀች ተብዬ ስጠራ፣ ሳልዳስስ ሞተች ብዬ አውቃለሁ?»

«ዳስሳት እንግዲህ። ቆራሌው ደጃችን ሲደርስ ያልተነሣች እንደሆነስ?»

ይርዳው ሞተሯን አየ፤ የበቅሎዋን ቁስል አየ፤ «ትሂድ» አለ። ይህን ብሎም መፍቻ ሊያመጣ ወደ ቤት ገባ፤ አስካለችም ተከተለችው።

ሞተሯ ይህን ሁሉ ሰማች። ቆራሌው የወሰደው ብረት ተቀጥቅጦ እንደሚቀር ታውቃለች። «ሞቼ ከሆነ፣ ይህን ያህል የምፈራው ምኔ ነው?» ስትል አሰበች።

አይጥም አንገቷን ከማርሚታው ብቅ አድርጋ በር ላይ የታሰረችውን በቅሎ ጠራቻት። «እንኳን ደስ ያለሽ፣ የፈረስ እኅት ልጅ! ጠላትሽ ሞተች። ከእንግዲህ ዳገቱም ቁልቁለቱም፣ ክረምቱም በጋውም ያንቺ ብቻ ነው።»

በቅሎዋ አፏ ውስጥ ያለውን ድርቆሽ አኝካ ጨረሰች።

«መንገዱ ሁሉ የእኔ ከሆነ፣ ጀርባዬስ የማን ሊሆን ነው?» አለች በመጨረሻ።

አይጥ አንገቷን ወደ ማርሚታው መለስ አደረገች።

«ደግሞ መሞቷን ማን ነገረሽ?»

«ግድግዳው ላይ ተጽፏል። እኔ ፊደል በልቼ ያደግሁ ነኝ። ‹ሞተ› ይላል።»

«‹ሞተ›?»

«‹ሞተ›።»

«እኔ ፊደል አልበላሁም፤ ድርቆሽ ነው የምበላው» አለች በቅሎዋ። «ግን ይህቺ ሴት ናት። ሴት ስትሞት ‹ሞተች› ይባላል እንጂ ‹ሞተ› የሚላት ማን ነው? የመምህሩን መጽሐፍ ስትበዪ ሰዋስዉን ዘለልሽው እንዴ?»

ባትሪው በለቅሶው መሀል ቀጥ አለ። ቤንዚኑም ጆሮውን ሰጠ።

«የጻፈው ሰው... ቸኩሎ ይሆናል» አለች አይጥ።

«የጻፉት እመቤታችን ናቸው። እኔ እዚሁ ቆሜ አይቻቸዋለሁ። እያንጎራጎሩ ነበር የጻፉት። በየትኛው አገር ነው መርዶ በእንጉርጉሮ የሚጻፈው?»

ያን ጊዜ ሞተሯ ከስንት ቀን በኋላ ተናገረች። «በቅሎ ሆይ፣ ያ ጽሑፍ ስሜ ይመስለኛል። መጨረሻው ግን ጠፋብኝ።»

«መጨረሻሽን ፈልጊያ! እኔ ይህ ገጣባ ጀርባዬ እስኪድን ድረስ የአንቺ ወዳጅ ነኝ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ልማዳችን እንሰዳደባለን።»

አይጥ ወደ ጎጆዋ ተመልሳ ገባች። «እነሱ ቢነቁ ምን ያመጣሉ? እኔ ጉሮሮዋ ውስጥ ተቀምጬ አትተነፍስም» አለች።

ይርዳው መፍቻውን ይዞ ወጣ። በመጀመሪያ ባትሪውን ፈትቶ ወስዶ ከጎረቤት ቤት አስሞላው። ባትሪው «ሞታለች ብዬ እኮ ነበር!» እያለ ጉልበቱን ሰበሰበ። ባትሪው ሲታሰር የፊት መብራቷ በራ። ይርዳው ረገጠ። ሞተሯ «ትክ» ብላ ቀረች። ከታችኛው ሰፈር «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ መጣ።

ሁለተኛ የረጋውን ቤንዚን ቀድቶ ደፋው፤ አዲስ ቤንዚን ጨመረ። እሳት የምትጭረውን ካንዴላ ፈትቶ ጥላሸቷን በጨርቅ ወለወለ። የተነፈሰውን ጎማ ነፋው፤ ጎማውም «እፎይ፣ ነፍሴ ተመለሰችልኝ» አለ። ፍሬኑን ጨበጥ ለቀቅ አድርጎ ሞከረው፤ ያዘ። ከዚያ ረገጠ። ሞተሯ «እህ! እህ! እህ!» ብላ ሳለች፤ ታፍናም ዝም አለች። ከመንገዱ መታጠፊያ «ቆራሌው! የተሰበረ፣ የተጣለ፣ የማይሠራ!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ሳለች እኮ፣ አስካልዬ!»

«የሚስል ሁሉ ይድናል እንዴ?» አለች አስካለች፤ ሆኖም እጇ የነጠላዋን ጫፍ ጨብጦ ነበር።

ይርዳው አሁንም ረገጠ፤ ደግሞ ረገጠ፤ ላብ ብቻ ሆነ። ቆራሌው ከነጆንያው ደጁ ላይ ቆመ።

«ደህና ዋላችሁ፣ ጋሼ! እትዬ! ይህቺን ልጫናት?»

«ቆይ እስቲ፣ እየሞከርኩ ነው።»

«ምን ይሞከራል፣ ጋሼ? እናንተው ራሳችሁ ‹ሞተ› ብላችሁ ጽፋችሁባት የለም እንዴ?» አለና በጣቱ ወደ ግድግዳው አመለከተ።

አስካለች ቀና ብላ አየች፤ አፏንም በእጇ ያዘች። «ወይ ጉዴ! እኔ የጻፍኩት እኮ ‹ሞተር› ብዬ ነው! ‹ር›ን ማን በላት?»

ሞተሯ ይህን ሰማች። ስሟ ኖሯል። መርዶ ሳይሆን ስሟ! ነገር ግን ትንፋሿ አልወጣ አለ፤ ጉሮሮዋ ተወትፏል። በዕቃ ቋንቋዋ «ማርሚታዬን እዩልኝ!» አለች። ሰው ደግሞ ያንን ቋንቋ አይሰማም።

የሰማችው በቅሎዋ ናት። ገመዷ እስከፈቀደላት ድረስ አንገቷን ዘረጋች፤ ማርሚታውን አሸተተች፤ ብቅ ያለችውን የስፖንጅ ጫፍ በጥርሷ ነክሳ ሳበች።

«ተዪ፣ አንቺ!» አለ ይርዳው። «ይህቺ በቅሎ ደግሞ ምን ታኝካለች?»

በቅሎዋ አላኘከችም፤ ተፋችው። ይርዳው አነሣና አየው፤ የሞተሯ መቀመጫ ስፖንጅ ነው። ጎንበስ ብሎ በሽቦ ማርሚታውን ጎረጎረ። ስፖንጅ ወጣ፤ ጨርቅ ወጣ፤ ጭራሮ ወጣ። በመጨረሻ አይጥ ራሷ ወጣች፤ ወጥታም በቆራሌው እግር መሀል አልፋ ተከፍቶ ከተቀመጠው ጆንያው ውስጥ ዘለለች። ማንም አላያትም፤ ሁሉም የሚያየው ሞተሯን ነበር።

ይርዳው ረገጠ።

ሞተሯ የክረምቱን ጥላሸት በአንድ ጊዜ አክ ብላ ተፋች፤ ከዚያም፦

«ርርርርርርርርር!» አለች።

አስካለች ሳቀች። «ኧረ ስሙ! የጎደለችውን ፊደል ራሷ ጨረሰቻት!» ወዲያው የከሰል ስባሪ አንሥታ በግድግዳው ላይ ከ«ሞተ» ቀጥላ «ር» ብላ ጻፈች፤ ከሌሎቹ ፊደላት ሁሉ አስበልጣ።

ቆራሌው ጆንያውን ተሸከመ። «እሺ ጋሼ፣ ለከርሞ እንተያያለን።»

«ለከርሞ የባትሪዋን ሽቦ እፈታለሁ፤ ቤንዚኗን ቀድቼ አወጣለሁ፤ ጎማዋን ጣውላ ላይ አስቀምጣለሁ፤ የማርሚታዋንም አፍ በጨርቅ እዘጋለሁ» አለ ይርዳው። «ለከርሞ እንዲያው ደህና ዋላችሁ ብለህ ታልፋለህ።»

ቆራሌው ሄደ። በጆንያው ውስጥ አይጥ በአንድ የዛገ ቆርቆሮ ላይ የተጻፈውን ታነብ ነበር፤ እዚያ ግን የምታስለቅሰው አላገኘችም። ሞተሯ ይርዳውን ይዛ ወደ ቆላ ወረደች። በቅሎዋም አቧራ ላይ ተንከባለለች፤ ተነሣችና ከኋላዋ «አጎት የለሽ! ጭስ ተፊ!» ብላ ጮኸችባት። ሞተሯ «ር!» አለች፤ ሄደች።

ስለዚህ አባቶች፦ ቃል ሳያልቅ ለቅሶ አይጠራም፤ ግማሽ ያነበበ ሙሉ ይቀብራል ይላሉ። የእኔ ተረት እንደ ጎማ ተንከባልሎ ደጃችሁ ደርሷል፤ የወደደው ነፍቶ ወደ ጎረቤት ይግፋው።