ሟርተኛ የተባለችው የወይን ባለቤት

አንድ የቆርቆሮ አጥር ብቻ የሚለያቸው ሁለት ጎረቤታሞች በየግቢያቸው ወይን ተክለው ይኖሩ ነበር። አንደኛዋ የሺመቤት የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ወይኗ ሲደርስ ፍሬውን አድርቃ ዘቢቡን ለሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ለቅዳሴ ትሰጣለች። ሁለተኛው አቶ ሽመክት ነው፤ በሰፈሩ የተፈራና የተከበረ ሰው። እሱ ወይኑን የሚወደው ለጥላው ነበር። እንግዶቹን ከሥሩ አስቀምጦ፣ «ፀሐይ እንኳ አታልፍበትም!» እያለ ይኮራል።

የሺመቤት ከዓመታት በፊት አንድ ሙሉ ምርት ሻጋታ በልቶባት ያውቃል። ከዚያ ወዲህ እጇ ቦዝኖ አያውቅም። የተጨናነቀውን ቅርንጫፍ ትቆርጣለች፤ አየር እንዲያገኘው በዘለላው ዙሪያ ያለውን ቅጠል ታሳሳለች፤ ውኃ የምታጠጣው በጠዋት፣ ቅጠሉን ሳትነካ ከሥሩ ነው። የረገፈውን ለቅማ ታቃጥላለች። ምንም በሽታ ሳይታይም ሻጋታ የሚከላከለውን ድኝ ቀድማ ትነሰንስበታለች።

አንድ ዓመት የበልግ ዝናብ ሊገባ ሲል በአጥሩ ላይ አሻግራ ብታይ፣ በሽመክት ወይን ላይ አምና የደረቀው ጥቁር ፍሬ እንደ ተንጠልጠለ ነው። ሄደች። ሰውየው ከእንግዶቹ ጋር ተቀምጧል።

«ጋሼ ሽመክት፣ ዝናቡ ሳይገባ ወይንዎን ያሳሱት። ያ የደረቀው ፍሬም ይውረድ፤ ሻጋታው የሚከርመው እሱ ላይ ነው። ካልተመቸዎት እኔ እቆርጥልዎታለሁ፤ ድኙም ከእኔ ይሁን» አለችው።

«ታሟል እንዴ?»

«አልታመመም።»

«ታዲያ በጤነኛ ተክል ላይ ምን ያሟርትሻል?»

እንግዶቹ ሳቁ።

«በሽታው አንዴ ከገባ በእርስዎ ግቢ ብቻ አይቀርም። አጥር አያግደውም» አለችና ወጣች።

ዝናቡ ገባ። ብዙም ሳይቆይ የሽመክት ወይን ቅጠል ዱቄት የተነሰነሰበት መሰለ። የመንገድ አቧራ ነው ብሎ በየማታው በውኃ ጎማ ከላይ እስከ ታች ያጥበው ጀመር። ቅጠሉ ሳይደርቅ እያደረ፣ ፍሬው እየተሰነጠቀ፣ ዘለላው ግራጫ ሻጋታ ለብሶ በሰበሰ። ከዚያ በሽታው ወይን ወዳላቸው ጎረቤቶች ሁሉ ተሻገረ። ከየሺመቤት ወይን በአጥሩ በኩል ያለው ዘለላ ሁሉ ታመመ። እያለቀሰች ቆርጣ አቃጠለችው። በደንብ የተያዘው የቀረው ክፍል ግን ተረፈላት።

የእሷ ወይን መትረፉ ሽመክትን አንገበገበው። «ሳይታመም ይታመማል ያለችው እሷ! የእኔ ሲጠፋ የእሷ የተረፈው በምን ምክንያት ነው? አሟርታብኝ ነው!» እያለ በየደጁ አወራ። ወይናቸው የታመመባቸው ሌሎች ጎረቤቶችም አመኑት። ሰላምታ ነፈጓት። አልፈው ተርፈው፣ «የሟርተኛ ዘቢብ ለቅዳሴ አይገባም» ብለው ለደብሩ አለቃ ለአለቃ ላእከ አቤት አሉ።

ይህን ስትሰማ የሺመቤት እንባዋ ደረቀ፤ በቦታው ቁጣ ገባ። ነጠላዋን አጣፍታ አለቃው ዘንድ ሄደች።

«አባቴ፣ በእኔ ላይ ከመፍረድዎ በፊት የሰውየውን ግቢ በዐይንዎ ይዩልኝ» አለች።

አለቃ ላእከ ከሳሾቹን ሁሉ አስከትለው ሽመክት ግቢ ገቡ። ቅጠሉን በመቋሚያቸው ገለጥ አደረጉት። እርጥብ የሻጋታ ሽታ አፍንጫቸውን መታቸው። ከሥሩ የአምናውና የካቻምናው ቅጠል ተከምሯል።

«ይህች ሴት ጥረግ፣ ቁረጥ ብላህ ነበር?» አሉት።

«ብላኛለች።»

«አደረግህ?»

«አባታችን፣ ሳይታመም ምን ብዬ?»

የሺመቤት ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻለችም።

«ሳይታመም ነበራ ጊዜው! እኔ እኮ በነፃ ልሥራልዎት ብዬ ደጅዎ ቆሜያለሁ! ሳቁብኝ። የእርስዎ ስንፍና አጥሬን ዘልሎ ግማሽ ወይኔን በላ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሟርተኛዋ እኔ ነኝ?»

አለቃው፣ «ዘቢቡ ከእጇ እንደ ወትሮው ይመጣል» ብለው ፈረዱ። ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ወደ በሩ ማፈግፈግ ሲጀምሩ፣ ሽመክት ጠጋ ብሎ በጆሮዋ፣ «በይ እንግዲህ ይቅርታ» አላት።

«ሟርተኛ ያሉኝ በሰው ፊት ነው፤ ይቅርታውንም በሰው ፊት ይበሉት» አለች ጮክ ብላ።

የሚወጡት ሰዎች ዞር አሉ። ሽመክት ከግንባሩ ላቡን ጠረገ።

«አጥፍቻለሁ። ነግራኝ ነበር፤ አልሰማኋትም። ስሟን ያጠፋሁትም እኔ ነኝ» አለ።

ያን ዓመት ወይኑን ሊያድነው አልቻለም፤ ከግንዱ በላይ ያለውን ሁሉ ቆርጦ ጣለ። ጎረቤቶቹም ያንኑ ሳምንት እየመጡ የወይን አቆራረጥ አስተምሪን አሏት። አስተማረቻቸው፤ ግን ፈገግ አላለችም።

ወገኖቼ፣ ቀድሞ የሚጠነቀቅ ሰው ምስጋና የለውም፤ ያስቀረው ጥፋት አይታይምና። ጥፋቱ ሲደርስ ደግሞ ሰነፉ የሚጠላው ስንፍናውን ሳይሆን ያስጠነቀቀውን ሰው ነው። ወይን ብቻ አይደለም፤ ቤትም፣ ትዳርም፣ አገርም የሚበሰብሰው እንዲህ ነው። ጥንቃቄ ጊዜው ገና ጤና ሳለ ነው። የአንዱ ቸልተኝነትም የጎረቤቱን ልፋት ይበላል።

እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ፤ በእኛ መካከል ቀድማ የተናገረችውን ሴት ምን የሚል ስም ሰጥተናት ይሆን?