ከገጹ ጀርባ ያለው ቃል

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው ብራና ላይ መጻፍ ነው። እጁ አይቸኩልም፤ አፉም ቁጥብ ነው።

አንድ ቀን ወደ ደብሩ ሲሄድ የጠበልተኞቹ መጠለያ ተቆልፎ አገኘ። ያስቆለፉት የደብሩ አለቃ ናቸው፤ ለክብረ በዓሉ እንግዳ ስለሚመጣ ግቢው ይጽዳ ብለው። ሕመምተኞቹ አጥር ሥር ዝናብ ይወርድባቸዋል። ከእነርሱ መካከል ጎረቤቱ እትዬ አመለወርቅ ነበሩ። ደግፎ ወደ ቤቱ ወሰዳቸው።

ከዚያ ስልኩን አነሣ። የተቆለፈውን በር ፎቶ አያይዞ፣ አለቃውን «በጎቹን የሚያባርር እረኛ» ብሎ ጻፈ። ለሕዝብ ሊለቀው ሲል ሚስቱ ውድነሽ በትከሻው በኩል አየች።

«አንተ ሰውዬ፣ ለእርሳቸው ነገርካቸው?»

«ሲለቀቅ ያዩታል።»

«እንግዲያውስ ሐሜት ነው። ያው የጥንቱ ሐሜት፤ ስልክ ያዘ እንጂ።»

ተናደደ። ስልኩን ወርውሮ ወደ ሥራው ዞረ። ብራናው ላይ አንድ የተሳሳተ ቃል ነበረ። እንዲህ ያለው በምላጭ ቀስ ተብሎ ይፋቃል። ንዴቱ ግን እጁ ላይ ነበረ። ጫን አለ። ብራናው ተበሳ።

ገልብጦ አየ። ከጀርባው በትክክል የተጻፈው «ምሕረት» የሚለው ቃል ነበረ። ጠፍቷል።

ምላጩን አስቀመጠ። በኋላ የጻፈውን ከስልኩ አጠፋ። በሩ ግን እንደተቆለፈ ነው። ተነሥቶ ወደ አለቃው ሄደ።

«አባታችን፣ በሩን መዝጋትዎ ልክ አይደለም።»

«ደግሞ አንተ መካሪዬ ሆንክ? ሂድ፣ ብራናህን ፋቅ!»

በማግሥቱ ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ ተመለሰ። አለቃው ሦስቱንም አንድ በአንድ አዩአቸው።

«ይህን ማን ያውቃል?»

«ዝናብ የመታቸው፣ እኛ፣ እግዚአብሔርም።»

«በስልክስ ለሕዝብ አልወጣም?»

«ጽፌ ነበር። አጠፋሁት።»

አለቃው አንገታቸውን ደፉ። «ቁልፉን አምጡልኝ» አሉ። በገዛ እጃቸው ከፈቱት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማንም ሳያስገድዳቸው ቆሙ። «በሩን ያስዘጋሁት እኔ ነኝ። በድያለሁ። ፊቴን አይቶ የሚነግረኝ ልጅ የሰጠኝ አምላክ ይመስገን» አሉ። መጀመሪያ እልል ያሉት እትዬ አመለወርቅ ናቸው።

ወገኖቼ፣ ዝም በሉ ማለቴ ነውን? አይደለም! ያ ሰው ዝም ቢል ኖሮ በሩ ይከፈት ነበርን? ስህተት ይፋቃል። መፋቅም አለበት። አለቃው ለሽማግሌዎቹም እንቢ ቢሉ ኖሮ ለጉባኤው ይነገር ነበር፤ ወንጌል የሠራልን ሥርዓት ነው። ያኔ መጻፍ ግድ ከሆነም ስማችሁን ከሥሩ አስቀምጣችሁ፣ ያያችሁትን ብቻ፣ ያለ ስድብ ጻፉ።

እናንተ ግን ከየት ትጀምራላችሁ? ከበሩ ነው ወይስ ከስልኩ? ስለ አባታችሁ ሺህ ሰው ከሰማ በኋላ ነው እርሱ የሚሰማው?

የሚገሥጸን ስላላጣን እናመስግን። ተገሥጾ የሚመለስ አባት ስላለን እናመስግን። በትከሻችን በኩል አይታ እውነቱን የምትነግረን ሚስት ስላለችን እናመስግን።

ያ ብራና ዛሬም አለ። ቀዳዳው በክር ተሰፍቷል፤ «ምሕረት» የሚለውም ከጎኑ በትንሽ ፊደል እንደገና ተጽፏል። እናንተም የሰውን ስህተት ለመፋቅ እጃችሁን ስታነሡ፣ ከመጫናችሁ በፊት ገጹን ገልብጡት። ከጀርባው እግዚአብሔር የጻፈው አለ።