እሺ ሲል የነደደው ዕቃ

ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ ይኼ የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፄን ይውጠዋል።

በአንድ ከተማ በሞተር የሚሄዱ ትንንሽ ሮቦቶች የሚያዋጉ ወጣቶች ነበሩ። የእነሱን ሮቦት የሠራችው አንዲት ምላሷ የማያርፍ ልጅ ናት። ታዲያ ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚመጥን፣ የፍጥነት መቆጣጠሪያ የሚሉት ዕቃ አለ። ልጅቱ ብዙ ኃይል የሚችለውን ወፍራሙን መረጠች። የወጣት ማዕከሉ ኃላፊ አቶ ዘርጋው ግን ቀጭኑን፣ መብራት ብልጭ ብልጭ የሚልበትን አነሱና «የሚያምረው ይኼ ነው» አሉ። ወጣቶቹን ይሉኝታ ያዛቸውና ሁሉም «እሺ ጋሼ» አሉ፤ እሷም ጭምር።

በግጥሚያው ቀን ሮቦቱ ከባላጋራው ጋር ተጋፍቶ ሞተሩ መዞር ሲያቅተው ከባትሪው ብዙ ኃይል ሳበ፤ ያ ቀጭን ዕቃም አልችል ብሎ ጨሰና ነደደ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አቶ ዘርጋው ተናደው ልጅቱን ሕዝብ ፊት አቆሟት።

«በይ ተናገሪ፣ ጥፋቱ የማን ነው? የእርስዎ ነው ካልሽኝ ደፍረሽኛልና ከማዕከሉ ትወጫለሽ። የራሴ ነው ካልሽም አጥፍተሻልና ትወጫለሽ።»

እሷ ደግሞ ከዚያ ሌላ መሥሪያ ቦታ የላትም። የነደደውን ዕቃ በመዳፏ ይዛ በሐዘኔታ አየችው።

«ኧረ ጋሼ፣ የማንም አይደለም። ይኼም ምስኪን እንደኛው ነው፤ ከአቅሙ በላይ ሲታዘዝ፣ እርስዎ ፊት እምቢ ለማለት አፍሮ ነው የነደደው።»

ሕዝቡ እንደገና ሳቀ፤ አሁን በማን እንደሳቀ ለአቶ ዘርጋው ገባቸውና ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

ልጅቱ እዚያው ቀረች፤ ለሮቦቱም ወፍራሙ ዕቃ ገባለት። አቶ ዘርጋው ዛሬም ኃላፊ ናቸው። አሁን ዕቃ ሲመረጥ «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ከእሷ በቀር ሁሉም «እርስዎ እንዳሉት ጋሼ» ይላሉ።